የጎሚስታው ልጆች መኪና በካልጋሪ

ከካናዳ፣ ከካልጋሪ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ያገኘኝ ሁሉ "ተራራውን አየሽው? በረዶውስ?" ይለኛል። ተራራውን ከሩቅ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ አለቀ። በረዶውን ረገጥኩት፣ አንዴም ጣለኝ። ምን ቆርጦኝ ነው ተራራ ለማየት ያን ሁሉ ሰማይ የማቋርጠው? የሄድኩት የወንድሜን መኪና ወንበር ልሰፋ ነው። እናንተ የሰፈሬ ላሜራ ቀጥቃጮች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ጎሚስታዎች፣ ከሥራ ቀና የምትሉበት ጊዜ ስለሌላችሁ እዚያ የምትደርሱ አይመስለኝምና እንደሆነው ላውራችሁ።

ለማያውቀኝ፣ ገነት በላቸው እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት የመኪና ወንበር ልብስ ሰፍቻለሁ። አባታችን በላቸው ጎጃም በረንዳ መንገድ ዳር ጎማ ሲጠግን ኖሮ የሞተ ጎሚስታ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታምራት እዚሁ ላሜራ ሲቀጠቅጥ አድጎ ካናዳ ገባ። ቀን ቀን የጭነት መኪና አካል ይጠግናል፤ ከሥራ መልስ በቤቱ ጋራዥ የራሱን መኪና ይሠራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ኮርቬት የሚባለውን አሮጌ የአሜሪካ ስፖርት መኪና ሻንሲና ሞተር ገዛ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከኮፈን እስከ ኋላ መብራት በገዛ እጁ በአሉሚኒየም ቀጥቅጦ አወጣው።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቱ በሠራበት ጋራዥ ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ፎቶ ነው። አሜሪካኖቹ አዲስ የስፖርት መኪና ሲያልሙ አንዲት ብቻ ይሠሩና ለሕዝብ ያሳያሉ፣ አትሸጥም። ፎቶው ላይ ያለችውም እንዲያ ያለች ነበረች። ዋና ሠራተኛው "አሳይተው ሲያበቁ ጨፍልቀው ጣሏት" ብሎ ነገረው። ታምራት ያን ቀን ምሳውን አልበላም። "እኔም አንድ እሠራለሁ፣ ግን አልጨፈልቃትም" አለኝ። የልጅ ነገር ብዬ ሳቅሁበት።

ካልጋሪ በየዓመቱ በመጋቢት የመኪና ትርዒት አለ። አዳራሹ ውስጥ የሚቆሙት እነዚያ አንድ ለእናታቸው የሆኑት ናቸው። ውጭ፣ ማቆሚያው ላይ፣ ሌላ መኪና አስመስለው የተሠሩት ኮፒዎች ይደረደራሉ። አምና ታምራት የተዋሰውን ወንበር አስሮባት ነድቶ ቢሄድ ውጭ አቆሙበት፤ መስተዋቱም ላይ "ኮፒ" የሚል ካርድ አኖሩበት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ወንድሜ "ዝም አይነቅዝም" የሚለውን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው። ቤቱ ተመልሶ መኪናዋን ሸራ አለበሳት።

ዘንድሮ ሚስቱ ሰናይት ደወለችልኝ። "እትዬ ገነት፣ ለምኜው ፎርሙን ሞልቷል። ግን ወንበር የላትም፣ ያለ ወንበር ደግሞ ኢንስፔክሽን አታልፍም። እዚህ ያሉት ሰፊዎች የኮርቬቱን ወንበር ኮፒ እናድርግልህ ነው የሚሉት። ዘንድሮም ውጭ ካቆሟት ለቁርጥራጭ ብረት እሸጣታለሁ ብሏል፤ ቀልዱን አይደለም" አለችኝ። ቁርጥራጭ ብረት ማለት መጨፍለቅ ነው። ደሜ ፈላ። የቪዛውን ነገር አልነግራችሁም፣ ሆድ ይፍጀው። ብቻ ወጣልኝ።

ቅዳሜ

ወስፌዬን፣ መርፌዎቼን፣ የሰም ክሬንና የለፋ፣ ቀለም ያልገባው የበሬ ቆዳ ጠቅልዬ ቦሌ ገባሁ። አውሮፕላኑ ላይ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የወንበሩን ስፌት ስመረምር ነው የሄድኩት። ማዕዘኑ ላይ ስፌት ሰርቀዋል፣ እኔ ሱቅ ቢሆን አስፈታቸው ነበር። ጾም ነውና ዶሮውን መለስኩ። አስተናጋጇ የእኔ እህት ድንችና ዳቦ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ ሁለት ጊዜ አመጣችልኝ።

እሁድ

ካናዳ ስገባ ቆዳዬን ፈቱት። መኮንኑ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው በስልክ አገናኘኝ።

"ለምን የሚሆን ነው?"

"ለመኪና ወንበር።"

"ለስንት መኪና?"

"ለአንዲት።"

"ይሄ ሁሉ መንገድ ለአንዲት መኪና?"

"አንድ ለእናቷ ናት በለው!" አልኩት። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ተረጎመ። እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ መኮንኑ ግን ቆዳውን ራሱ መልሶ ጠቀለለልኝ። እኛ አገር ቢሆን ፈቺውም ጠቅላዩም እኔው ነበርኩ።

ካልጋሪ ላይ ታምራት ካፖርት ይዞ ጠበቀኝ። ቤታቸው ፓይንሪጅ ነው፤ የቆዩ ቤቶች ያሉበት፣ ለአየር ማረፊያው ቅርብ የሆነ ሰፈር። ሰናይት አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የሌሊት ሺፍት ነበረባትና በቀጥታ ወደ ሥራ ልትሄድ ዩኒፎርም ለብሳ ነበር ሽሮ ያቀረበችልኝ። እንጀራው ከሱቅ በላስቲክ ታሽጎ የመጣ ነው፣ ዓይን የለውም ግን ያጠግባል። የራሷን ብርድ ልብስ ለእኔ አንጥፋ፣ ክፍሌ ውስጥ ድስት ሙሉ ውሃ አስቀመጠች። "አየሩ ደረቅ ነው እትዬ፣ ከንፈርዎን ይሰነጥቀዋል" አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚያ አገር የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ሰቅለሽ ሻይ እስኪፈላ ይደርቃል።

ሰኞ

ሸራውን ገለጥኩት። ኧረ በስመ አብ! ዝቅ ያለች፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ጀርባዋ ሸርተት ብሎ የወረደ፣ ቀለሟ የሠርገኛ ጤፍ። እጄን ጎኗ ላይ ከፊት እስከ ኋላ አሳለፍኩት። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ዓይን ያልያዘውን እጅ ይይዘዋል። አንድም ጉድፍ የለም። ጉድፍ መሸፈኛ ስቱኮ ቢሆን በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው ድምፁ ይነግረኝ ነበር። ጥርት ያለ አሉሚኒየም ነው። አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ?

ጋራዡ የእኛን ሰው ግራ ያጋባል። ወለሉ ይላሳል፣ መዶሻው ሁሉ በየመስመሩ ተሰቅሏል። የእኛ ጋራዥ ግን አንድ መኪና ሲሠራ አሥር ሰው ቆሞ ይተቻል፣ ግማሹ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ግን አለ። ታምራት ዘጠኝ ዓመት ሲቀጠቅጥ "አበጀህ" ያለውም "አበላሸኸው" ያለውም የለም። በጣም ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

የእኔ አሠራር ወረቀት አያውቅም። ስፖንጁን አስቀምጬ ባለቤቱን አስቀምጥበታለሁ፤ ትከሻው፣ ወገቡ፣ ጉልበቱ የሚያርፍበትን በጠመኔ ምልክት አድርጌ በቢላ እቀርጻለሁ። ታምራት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠልኝ።

"እቴቴ፣ ሌላ ሰው ቢቀመጥበትስ?" አለኝ።

"ሌላ ሰው ምን አግብቶት! ያንተ ናት አይደል?"

ጠመኔ ላነሳ ብሎ ጎንበስ አለ። ያን ማምለጡን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከጎኑ ያለው ወንበር የሰናይት እንዲሆን ወሰንኩ። ዘጠኝ ዓመት የመዶሻ ድምፅ የቻለች ሴት ናት። ከሥራ ስትመጣ "አንድ አፍታ ተቀመጪልኝ" ብላት ስፖንጁ ላይ አረፍ አለችና ቀና ሳትል እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀሰቀስኳትም። እንደተኛች ዙሪያዋን በጠመኔ ለካኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ትክክለኛ ልክ ወስጄ አላውቅም።

ማክሰኞና ረቡዕ

የስፌት መኪና ልንዋስ አቢዴል ወደሚባል ሰፈር፣ እትዬ አልማዝ ቤት ሄድን። እትዬ አልማዝ ሰባ ያለፋቸው፣ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚሰፉ፣ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። ለስፌት መኪና የሄድን ሰዎች በተልባ ፍትፍት፣ በምስር፣ ከዚያ እንደገና በሱፍ አስረው ያዙን።

"አንቱ፣ እኔ እኮ ሥራ አለብኝ!" ብላቸው፣

"ሥራ ሆድሽ ሲጠግብ ይደርሳል፣ ብዪ!" አሉኝ።

ያችን የመሰለች የስፌት መኪና ለቆዳ አልሆነችም። ሦስት መርፌ ሰበርኩባት። ልመልስ ብደውልላቸው "መርፌ ይሰበራል፣ ሰው ይኑር" አሉ። ከዚያ በኋላ ወስፌዬን አውጥቼ በእጄ ተያያዝኩት። ረቡዕን ሙሉ በሁለት መርፌ፣ ግራና ቀኝ እየሳብኩ ሰፋሁ። ሰናይት እረፍቷ ነበርና ክሩን ሰም እየቀባች አቀበለችኝ። ታምራት ከሥራ ሲመለስ የመጀመሪያው ወንበር ቆሞ ጠበቀው። ተቀመጠበት፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለ፣ "እቴቴ፣ ይሄ እኮ ያውቀኛል" አለኝ።

ሐሙስ

ጉድ የፈላው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ስሰፋ አድሬ ሁለቱም ወንበሮች አልቀው ገብተዋል። ቀለም ያልገባው ቆዳ ነው፤ ቅባቱን ከሰዓት ልቀባው አስቤ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። እትዬ አልማዝ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ፣ መኪናዋ ነገ ትታያለች ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ ባዶ ሆዳቸውን በአውቶቡስ መጥተዋል። በአንድ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። ሰናይት ጋራዡን ከፈተችላቸው። እሳቸውም የመኪናዋን በር ከፍተው፣ "በስመ አብ ወወልድ" ብለው፣ በመዳፋቸው እየዘገኑ ወንበሮቹን ረጩ፣ መሪውን ረጩ።

ስመለስ ቆዳው ላይ ጠብታው ያረፈበት ሁሉ ጠቁሯል። እንደ ፈንጣጣ! የለፋ ቆዳ ቅባት ሳይጠጣ ጠብታ ውሃ ከነካው ምልክቱ አይለቅም። ነገ እስከ ቀትር ማስገባት አለብን።

"ወይኔ እትዬ አልማዝ! ምን አደረጉኝ?" ብዬ ጮህኩ። በጾም ምድር፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት! እስካሁን ያሳፍረኛል። እሳቸው ደግሞ ጠርሙሱን እንደያዙ ቀሩ።

"ልባርክልሽ ብዬ ነው እንጂ ልጄ... መኪና ሲገዛ የማይረጭ ማን አለ?"

እውነታቸውን ነው። እናንተስ ብትሆኑ? አዲስ ሚኒባስ ጠበል ሳይነካው መንገድ የወጣበት ቀን አለ? የማንም ሰው መኪና ወንበር ግን ላስቲክ የለበሰ ነው። የእኔን ቆዳ ማንም አላስጠነቀቃቸውም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ እሱም ያስፈራል፤ ጠብታውን ማጥፋት ካልተቻለ ሙሉውን እኩል ማርጠብ። ካልደረቀ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። "ንጹሕ ጨርቅ አምጡልኝ" አልኩ። እትዬ አልማዝ ጠርሙሱን ሰጡኝ። "የቀረው ይኸው። ከተነካ አይቀር ሁሉም ይነካ" አሉኝ። በጠበሉ ጀመርኩ፣ በቧንቧ ውሃ ጨረስኩ። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። ሰናይት የፀጉር ማድረቂያ ይዛ መጣች። "መልሺው! ሙቀት ያኮማትረዋል!" ብዬ አባረርኳት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ቺኑክ ይሉታል፤ ከተራራው የሚወርድ ደረቅ ሞቃት ነፋስ ነው። ጠዋት በረዶ የነበረው መንገድ ከሰዓት ጎርፍ ሆነ። የጋራዡን በር ከፈትነው። እትዬ አልማዝ ወንበር አስወጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው ወደ ቤታቸው አልሄድ አሉ። ሲመሻሽ ቆዳው ወደ መልኩ ተመለሰ፤ እርጥቡ ሲደርቅ ደግሞ ስፖንጁ ላይ ጥብቅ ብሎ ያዘ። አንድ ጠብታ አይታይም። ቅባቱን ቀባሁት። ከዚያ የእትዬ አልማዝን ጉልበት ሳምኩ፣ እሳቸውም ጉንጬን ቆነጠጡኝ።

ዓርብ

ታምራት ረፋዱ ላይ እየነዳ ወሰዳት። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አንድ የትልቅ ኩባንያ መኪና እየገባች ነበር፤ በሮቿ ወደ ላይ የሚከፈቱ፣ ያየ ሁሉ የሚያፏጭላት። ስድስት ሰው ይገፋታል። ምን ሆና ነው ብዬ ሰናይትን አስጠየቅኋት። ለካ ሞተር የላትም! ለዓይን ብቻ የተሠራች ናት። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የእኛዋ በራሷ እግር ገባች፣ ያውም እያጉረመረመች።

ተቆጣጣሪው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ግዙፍ፣ ጨዋ ሰው ነው። መኪናዋን ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ስፌቴን ነካካ። ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሞክሮ ትከሻው አልገባም፤ እየሳቀ ወጣ። ልቤ ሞቀ። ከዚያ ፎርሙን አነበበ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ለሰናይት አንድ ነገር አላት።

ሰናይት ወደ እኛ ዞረች። "ፎርሙ ላይ ሠሪ በሚለው ቦታ የአሜሪካው ኩባንያ ስም ነው ያለው፣ ታዲያ የኩባንያው ደብዳቤ የታለ ነው የሚለው። ደብዳቤ ከሌለ የእነሱ መኪና ኮፒ ናት፣ ውጭ ነው የምትቆመው።"

"የኩባንያውን ስም ማነው የጻፈው?" አልኩ።

ታምራት ጫማውን እያየ "እኔ ነኝ" አለ።

"አምናስ?"

"አምናም።"

"ለምን?!"

"እቴቴ... ሻንሲውና ሞተሩ የእነሱ ነው። ሠሪው እኔ ነኝ ብዬ ልጻፍ? ራስን መካብ አይሆንም? ሰው ምን ይለኛል?"

አትሳቁበት። እናንተም ብትሆኑ ይሄንኑ ነበር የምትጽፉት። ከመካከላችን ማን ነው "እኔ ሠራሁት" የሚል? "ኧረ ምኑን ሠራሁት" ነው የምንለው። አመስጋኙ ዝም ሲል ሆዳችን ይቆስላል እንጂ። እኔ ግን ያን ጊዜ ይሉኝታ የሚባለው ነገር አንገቱ ቢገኝ አንቄ በገደልኩት ነበር።

"ሰው ምን ይለኛል? ሰውማ አምና ብሎሃል! ኮፒ ብሎሃል!" አልኩት። አዳራሹ ዞር ዞር ብሎ አየን፣ ይይ! "አባታችንን 'አንተ ጎሚስታ' ሲሉት 'አቤት' እያለ ሞተ። ስምህ ማነው ያለው አንድ ሰው አልነበረም። አንተን ይኸው፣ አንድ ባለባርኔጣ እስክሪብቶ ይዞ ማን ሠራው ብሎ ይጠይቅሃል። ዘጠኝ ዓመት የቀጠቀጥከውን ለማያውቁህ ሰዎች ትሰጣለህ? ስጥና ሂድ! ቁርጥራጭ ብረት ላይ ጨፍልቃት! እኔ ግን ወንበሬን ፈትቼ ነው የምሄደው!"

ታምራት ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና ፎርሙ አይቀየርም ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰናይት ተቆጣጣሪውን ጠየቀችው። እስከ ቀትር ይታረማል አለ፣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። እስክሪብቶውን ለታምራት ዘረጋለት። ወንድሜ የኩባንያውን ስም በአንድ መስመር ሰረዘው። ከላዩ የራሱን ስም ጻፈ።

ቅዳሜ፣ እንደገና

በነጋታው በሩ ተከፈተ፣ ሕዝቡ ገባ። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አጣፍተው ባዶ ጠርሙሳቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ከእኛ ጋር ቆመዋል። መኪናችን በዚያች በምትገፋዋና መሪ በሌላት አንዲት ብርማ መኪና መካከል ቆማለች። ፊቷ ላይ ካርድ አለ። እዚያ አገር ሰውን የሚጠሩት በአባቱ ስም ነውና ሰናይት እንዲህ ብላ አነበበችልኝ፦ "ሠሪ፦ በላቸው። ብዛት፦ አንድ።"

ደግመሽ አንብቢልኝ አልኳት። ደግማ አነበበችልኝ። አባቴ ከነስሙ፣ በወፍራም ፊደል፣ ከእነዚያ ሁሉ ኩባንያዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። በዘይት የጠቆረው እጁ ትዝ አለኝ።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ካርዱን አነበበ፣ መኪናዋን ዞረ፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አነበበ። ሰናይትን አንድ ነገር ጠየቃት። "ይሄን በላቸው የሚባል ኩባንያ ሰምቼው አላውቅም፣ ፋብሪካው የት ነው ይላል" አለችኝ።

"እዚህ ቆመናል በይው" አልኳት።

አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ታምራት ከኋላችን ወጣ፤ እጁን ለሰውየው ዘርግቶ፣ ጫማውን ሳያይ፣ "በላቸው" አለው።